ቃላት የሚያስሩት መምህርት

ልጅ ጽፎ ሲያሳያቸው «ጎበዝ» ማለት የማይሆንላቸው መምህርት በየመንደሩ አንዲት አይጠፉም። በሳቫይ ደሴት ላለችው መንደራችን የደረሷት ክብርት ወይዘሮ ቴሌሲያ ናቸው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል። ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰጡትን የጽሑፍ ትምህርት እንዳግዛቸው ስመደብ እሳቸው ደግሞ ለእኔ ስም አወጡልኝ። «ገጣሚው» አሉኝ፤ ሰው ስለ ጉንፋን በሚያወራበት ድምፅ።

በመጀመሪያው ቀን ፔኒ የሚባል ልጅ «ባሕሩ ውብ ነው» ብሎ ጽፎ አመጣ። ቲቸር በመስኮት ዝናቡን እያዩ «እና አንተ ምን አየህ?» አሉት።

«ባሕሩን።»

«መቼ?»

ሄዶ እንዲያይ ላኩት፤ በዚያ ዶፍ። እኔ ጃንጥላ ፍለጋ ስራወጥ ልጁ በስብሶ ተመለሰ።

«ቲቸር፣ ባሕሩ ጥርሱን የሚቦርሽ ሰውዬ ይመስላል። አረፋውን ይተፋል።»

«ጻፈዋ» አሉት። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ ወጥቶ አያውቅም።

ከሰሌዳው ጥግ በጠመኔ የተሳለ እስር ቤት አለ። ልጆቹ ሳያዩ የሚጽፏቸው ቃላት እዚያ ይገባሉ። «ውብ» ዕድሜ ልክ ተፈርዶባታል። «ደስ የሚል» ዋስትና ተከልክሏል። ጨረቃ የታሰረችው እስከ ፋሲካ ነው። አንድ ቀን ደፍሬ የራሴን ግጥም ባነብላቸው ልጆቹ በየመስመሩ እጃቸውን እያወጡ ቃላቴን ያሳስሩ ጀመር። «ገጣሚው» አሉኝ ቲቸር፣ «ነፃ የቀረችልህ ‹እና› ብቻ ናት። እሷንም ጠብቃት።»

ይባስ ብሎ ቲቸር ዓርብ ዓርብ የራሳቸውን ጽሑፍ ያነባሉ፤ ፈራጆቹ ልጆቹ ናቸው። አዋቂ በተቀመጠበት ልጅ ቀና ብሎ ማለፍ እንኳ ነውር በሆነበት መንደር አንዲት የስምንት ዓመት ፍጥረት «ቲቸር፣ ይቺኛዋ ታስተኛለች» ስትላቸው ክው አልኩ። እሳቸው ዓረፍተ ነገሩን ሰረዙ። «እውነቷን ነው፤ እኔም ስጽፋት ሳላንቀላፋ አልቀረሁም።»

ከዚያ ነጩ እሑድ ደረሰ። በዓሉ የልጆች ነው። ነጭ ለብሰው በምእመኑ ፊት ስንኝ ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ ቀድመው የሚበሉት ትልልቆቹም በዚያ ቀን ጎንበስ ብለው ያስተናግዷቸዋል። ስንኙ በውርስ የሚመጣ ነው። የእኔን አባቴም ብሏት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነች ሁለታችንም አላወቅንም። ቲቸር ግን «ዘንድሮ ሁሉም የራሱን ጽፎ ይላል» አሉ። ፓስተሩ ብዙ አሰቡ። «ይሁን። አንድ ልጅ መንደሩን ቢያሳፍር ግን ያ ክፍል ሰኞ ይዘጋል።»

የላንጊን ጽሑፍ ሳነብ ወረቀቱን ይዤ ወደ ቲቸር ሮጥኩ። ላንጊ የሽማግሌው የኢኦሴፎ የልጅ ልጅ ናት። እሳቸው የመንደራችን ተናጋሪ ሹም ናቸው፤ ትልቁ ሹም በጉባኤ ዝም ሲሉ፣ በትር ይዘው በእሳቸው ስም የሚናገሩ።

«ቲቸር፣ ይህን ያስቀይሯት። ሽማግሌው ይዋረዳሉ፣ እኛም እንዘጋለን።»

«ያልጻፍኩትን እንዴት እቀይራለሁ?» አሉና ልጅቷን ጠሩ። «ላንጊ፣ አያትሽ ይህን ሲሰሙ ምን ይሆናሉ?»

«ይደነግጣል» አለች። «ግን ሁልጊዜ ብቻውን መደበቅ አይደክመውም?»

ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጡ። «በይ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ትንፋሽ የሚያጥርሽ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጪው።»

እሑድ ላንጊ በምእመኑ ፊት ቆማ እንዲህ አለች፦

«አባባ በትሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረ።
ቀኝ እጁ ውስጥ ወፍ አለች።
ሲናገር መብረር ያምራታል።
ሰው እንዳያያት ሽርጡ ውስጥ ይደብቃታል።
እኔ አይቻታለሁ።
ሲደክመው እኔ እይዝለታለሁ።»

የሴቶቹ ማራገቢያ ቀጥ አለ። የሽማግሌው እጅ እንደሚንቀጠቀጥ እስከዚያች ደቂቃ ማንም አያውቅም ነበር፤ በትሩንና ሹመቱን ለማግኘት የሚጠባበቁ ግን ሞልተዋል። ኢኦሴፎ አልተነቃነቁም። ፓስተሩ ቲቸርን አዩ፤ ቲቸር ጣሪያውን።

ምሳ ላይ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ። ኢኦሴፎ ተነሡ። በኮኮናት የተሠራውን ጎደሬ በሰሃን አነሡ፤ በቀኝ እጃቸው። ማንኪያው እየተንጫጫ፣ መረቁ ነጩ ሽርጣቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ በሹማምንቱ መሐል አልፈው ልጅቷ ፊት ተንበረከኩ።

«ብዪ» አሏት። «ወፏም ርቧት ከሆነ አካፍያት።»

ከዚያ፣ ዕድሜ ልኬን በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቀው ትልቁ ሹም፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ኢኦሴፎ፣ ማክሰኞ ጉባኤ አለን። በትሩን በፈለግከው እጅ ይዘህ ና።»

ፓስተሩ ይህን ሰምተው ስለ ሰኞ ምንም አላነሡም። ቀስ ብለው የሌላ ልጅ ሰሃን ይዘው ተነሡ።

እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ አንድ እጅ ክንዴን ጨመቀኝ። ቲቸር ነበሩ፤ ግማሽ ፊታቸውን በማራገቢያ ሸፍነዋል።

«ገጣሚው፣ ተው። ወፏ የሷ ናት።»

ተውኩ። ይህንንም የጻፍኩት ላንጊን አስፈቅጄ፣ ከቃሏ አንዲት እንዳልነካ ምዬላት ነው።

ልጆቹ በሙሉ ተስተናግደው ሲያበቁ አንድ ሰሃን ይዤ ተመለስኩና ቲቸር ፊት ተንበረከኩ። ሰሃኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ምን መሆንህ ነው? እኔ ልጅ ነኝ?»

«ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው።

ማራገቢያውን አስቀመጡና ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።