ያዘዝኩት እርሳስ

ወገን፣ ዛሬ ጎንደር ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ፎቶውን ካላየን አናምንም» ትላላችሁ።

ፎቶው አለ። ችግሩም እሱው ነው!

ከቀትር በኋላ ጀምሮ በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞረ ነው። አንዲት በሐበሻ ቀሚስ ያጌጠች ሴት፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ በመካከላቸው ደግሞ ቁመቱ ሰው የሚያህል ቢጫ እርሳስ። አዎ፣ የሚጻፍበት እርሳስ። ሴትየዋ እኔ ነኝ። አፌ የተከፈተው ከደስታ አይደለም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሳቃችሁን ግን ትንሽ ያዙልኝ።

ለማታውቁኝ፣ ስመኝ እባላለሁ፤ ሥራዬ የጨረር ጥበቃ ነው። ሐኪም ቤት ራጅ ስትነሡ ጨረሩ የእናንተን ደረት ብቻ አይቶ እንዲቀር፣ ጎረቤት ክፍል የተቀመጠውን ሰው እንዳይጎበኝ የምንቆጣጠር ሰዎች አለን። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ማሽኑን እንለካለን። (ሰርግ ላይ «ምን ትሠሪያለሽ?» ስባል «ቢሮ» ብዬ የማልፈው ይሄን ሁሉ ላለማስረዳት ነው።)

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው። ከማክሰኝት ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የኒውክሌር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱ ሰው።

የተመለሱበት አገር ግን ሪአክተር የለውም!

እስቲ አስቡት። የመርከብ ካፒቴን ሆኖ ተመርቆ ደባርቅ እንደ መመደብ ነው። ቁስቋም ሰፈራችን «ይርጋ ቦምቡ» ብሎ ስም አወጣላቸው። አንዳንዱ እንዲያውም በራቸው ላይ ሲያልፍ ፈጠን ይል ነበር።

እሳቸው ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። መለኪያቸውን ማኪና ላይ ጭነው ደባርቅ፣ ጭልጋ፣ መተማ፣ ራጅ ያለበት ሁሉ ዞሩ። ክፍሉ በእርሳስ መሸፈኑን ያያሉ፣ ካልተሸፈነ ይቆጣሉ፣ ተሸፍኖ እስኪያዩ ደግሞ አይመለሱም። በእሳቸው ቁጣ ምክንያት ስንት የራጅ ሠራተኛ ጤናውን ይዞ ጡረታ እንደወጣ እግዜር ይወቀው።

እርሳስ ስል ብረቱን ነው። ከባዱን፣ ግራጫውን፣ ጨረር የሚያቆመውን። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ዛሬ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

የሙያ ማኅበራችን ጋሽ ይርጋን ለመሸለም ስንት ዘመን ለመነ መሰላችሁ! እምቢ።

«ምን ሠርቼ ልሸለም? ሪአክተር ያላቆመ የኒውክሌር መሐንዲስ ማለት፣ ቅኔ ያልዘረፈ መሪጌታ ማለት ነው» ይሉና ይስቃሉ።

እኛም እንስቃለን። ግን ቀልዱን በየዓመቱ ሲደግሙት ሳይ፣ ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ። ሰውየው እውነትም ዕድሜያቸው ባክኖ የቀረ ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ ታመሙ። ከአዲስ አበባ መጥቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ለመንኳቸው። አለቀስኩ ማለት ይቀላል። በመጨረሻ «እሺ፣ እዚሁ ጎንደር ይሁን። ንግግሩንም አንቺ አድርጊው» አሉኝ።

የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳይመሽባቸው፣ የሠሩት ሥራ ሥራ እንደነበር እንዲያምኑ። ዝግጅቱ ከተበላሸ ደግሞ ያን ቀልዳቸውን በገዛ እጄ አረጋገጥኩላቸው ማለት ነው።

እና ሽልማቱ ምን ይሁን? ዋንጫ? ኳስ ተጫዋች አይደሉ! ሰዓት? ስንት አላቸው!

እርሳስ አልኩ። በሕይወቴ መጀመሪያ የያዝኩትን እርሳስ የሰጡኝ እሳቸው ናቸውና።

ታሪኩን የሚያውቁት ያውቁታል፣ በየስብሰባው ተናግሬዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ የቅኔ መምህር የነበረው አባቴ ሳል በርትቶበት ራጅ ሊነሣ ሐኪም ቤት ሄደ። እኔም ጋቢውን ይዤ ተከተልኩ። ራጅ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት ኢንጂነር ግድግዳ ይለካል። እኔን አየና በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር እጄ ላይ አኖረልኝ። እጄ ቁልቁል ወረደ! «ጨረርን የሚያቆመው ይሄ ነው» አለኝ። ያ ክብደት እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።

ቆንጆ ታሪክ ነው አይደል? ጎደሎ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት። እመለስበታለሁ።

ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ላይ፣ አያ ጥጋቡ የሚባሉ ባለሙያ አሉ። ብረት ይበይዳሉ፣ እንጨት ይጠርባሉ፣ የአጥቢያችንን አትሮንስ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ ደወልኩ። ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው።

«አያ ጥጋቡ፣ ሽልማቱ እርሳስ ነው የሚሆነው።»

«እርሳስ? ሸጋ! ለተማረ ሰው ሸጋ ነው።»

«ከሩቅ የሚታይ፣ ከበድ ያለ ይሁን።»

«ከዋንዛ ላርገው?»

መቀመጫውን መስሎኝ «ያርጉት» አልኩ። በእኔ ቤት እርሳሱ ዋንዛ ላይ ጉብ ሊል ነው!

«ቀለሙስ?»

የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት ቢጫና ጥቁር ነው። በዚያ ላይ የእርሳስ ብረት ቀለም ሳይቀባ በባዶ እጅ ባይነካ ይመረጣል። የሙያ ነገር ነዋ! «ቢጫና ጥቁር ይቀባ» አልኩ በኩራት።

«እሱማ ደንቡ ነው» አሉኝ።

ደንቡ! ሰውየው የጨረር ጥበቃ ደንብ ያውቃሉ ብዬ ተደነቅሁ እኮ!

«በደንብ ይቀረጽልኝ አደራ።» ስማቸውን ማለቴ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ሳይቀረጽ ምን እርሳስ አለ?»

አሁን መልሳችሁ አንብቡት። አንድም ቦታ ላይ ሰውየው አልተሳሳቱም። እኔም አልተሳሳትኩም። ሁለታችንም እርሳስ እያልን በሰላም ተመራርቀን ስልኩን ዘጋን።

ዛሬ ጠዋት አውሮፕላን ዘገየብኝ። አዳራሹ ስደርስ ሰው ሞልቷል። ሐኪሞቹ፣ የራጅ ባለሙያዎቹ፣ ከማክሰኝት የመጡት የጋሽ ይርጋ ዘመዶች ነጭ በነጭ ሆነው። ሽልማቱ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ መድረክ ላይ ቆሟል። ረዘመብኝ። «አያ ጥጋቡ መቀመጫውን አስረዝመውት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት።

ንግግሬን ጀመርኩ። የአባቴን ሳል፣ ያቺን የእርሳስ ቁራጭ፣ ቁልቁል የወረደውን እጄን ነገርኳቸው። መሐረብ ያወጡ አየሁ። እኔም በራሴ ንግግር መነካት ጀመርኩ። (የውርደት ዋዜማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው!)

«እነሆ ዛሬ፣ ያን እርሳስ ለባለቤቱ እመልሳለሁ!» ብዬ ጨርቁን ሳብኩት።

እርሳስ።

ቢጫ። ጥቁር መስመር ያለው። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ። ከላይ ሮዝ ላጲስ የተደፋበት። ወገቡ ላይ በሚያምር ፊደል «ኢንጂነር ይርጋ» ይላል።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

ከዚያ ከፊት ወንበር የጋሽ ይርጋ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ጠጄ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፦

«ምነው ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜው ትምህርት ቤት ልትሰዱት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ሐኪም ሳይቀር ወንበር ይዞ ሳቀ። እኔ ማይኩ ላይ «አይ... ማለቴ... እርሳስ ሲባል...» እላለሁ። ማይኩ ደግሞ ዛሬ ብቻ በደንብ ይሠራል!

ወደ ጋሽ ይርጋ ዞርኩ። አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

በቃ፣ አዋረድኳቸው አልኩ። ስንት ዘመን እምቢ ያሉትን ሰው ለምኜ አምጥቼ፣ በወገናቸው ፊት መሣቂያ አደረግኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። መድረክ ላይ ወጡ። ቀና ሲሉ እያለቀሱም እየሳቁም ነው። ማይኩን ከእጄ ወሰዱ።

«አስታወሰችው!» አሉ። «ይህቺ ልጅ አስታወሰችው!»

ምኑን? እኔ ምንም አላስታወስኩም! (ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው፣ አፌን እንደከፈትኩ።)

«የነገረቻችሁ እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያውን ትታዋለች» ብለው ቀጠሉ። «በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤታቸው ሄጄ፣ ጨረርን የሚያቆመው እርሳስ ነው ብዬ ለልጆቹ ተናግሬ ነበር። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም። ከቀናት በኋላ አባቷ የኔታ ራጅ ሊነሡ መጡ። ጋቢዎን ያውልቁ ተባሉ። ቢያወልቁ፣ ደረታቸው ዙሪያውን እርሳስ! የሰፈሩን ተማሪ እርሳስ ሰብስባ በእናቷ መቀነት አስራላቸዋለች! ምንድን ነው ይሄ ብላት፣ 'አባዬን ጨረር እንዳይጎዳው ነው፤ አንተ ነህ ያልከው' አለችኝ።»

አዳራሹ ደግሞ ፈረሰ። በዚህኛው ግን እኔም ሳቅሁ።

«እኔ ልስቅ ስል የኔታ ከለከሉኝ። 'አይሳቁ ልጄ፣ ኅብር ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ምስጢር። ልጄ ሳትማር ቅኔ ዘረፈች' አሉኝ። ሌላኛውን ምስጢር እንድታውቀው ነው ያን ብረት እጇ ላይ ያኖርኩት። እናንተ አታውቁም፣ በዚያ ሰሞን ሥራውን ትቼ ልሄድ ልብሴን ሸክፌ ነበር። በዚህ አገር የሚሰማኝ የለም ብዬ። አንዲት ልጅ ሰማችኝ። አጣማ ሰማችኝ፣ ግን ሰማችኝ። ቀረሁ።»

ከዚያ እርሳሱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ሪአክተር ያላቆመ መሐንዲስ ቅኔ ያልዘረፈ መሪጌታ ነው ስል ኖርኩ። የኔ ቅኔ ለካ ይቺ ነበረች» አሉ፣ ወደ እኔ እያሳዩ።

ወገን፣ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ታሪኩን በየመድረኩ ስናገረው ከባዱን እርሳስ ይዤ የሚያሳፍረኝን ጥዬው ይሆናል። ዛሬ ግን ሁሉም መጣ። የተቀረጸ እርሳስ ሽታው መጣ። አባቴ እያሳለ፣ እየሳቀ፣ መቀነቱን እስክቋጥርለት ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መቆሙ መጣ። የቅኔ መምህር እኮ ነው! እርሳስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ደስ እንዲለኝ ብሎ ታስሮልኝ ሄደ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ ስለ እኔ የተናገረውን አዲስ ቃል ሰማሁ። ናፍቆኛል። መድረኩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ የሱም ፎቶ አለላችሁ።

ጋሽ ይርጋ ግንባሬን ስመው «አስታወስሽው» ሲሉኝ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዋሸሁ! ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል «ኧረ እኔ ብረት ነበር ያዘዝኩት» ልበል?

ዝግጅቱ አልቆ ወደ ማኪናቸው ሸኘናቸው። እርሳሱ አልገባም አለ። በስንት መከራ ጫፉን በመስኮት አወጣነው። በሩን ልዘጋ ስል ጠሩኝ።

«ስመኝ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ያዘዝሽው ከባዱን ነበር፣ አይደል?»

የበሩን እጀታ ለቀቅሁት።

«አዎ ጋሼ።»

«አሁን ስንጭነው ቢጫና ጥቁሩን በቅርብ ሳይ ነው የገባኝ። የጨረር ምልክት ብለሽ ነው።» ጉንጬን መታ መታ አደረጉኝ። «ተይው። ከባዱንማ ዕድሜዬን ሁሉ ስሸከመው ኖርኩ። ይሄኛው ይሻለኛል።»

ማኪናው ወደ ቁስቋም ወጣ። የእርሳሱ ጫፍ በመስኮት እንደወጣ እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ እርሳስ በስልክ አይታዘዝም።

ከመጻፌ በፊት አያ ጥጋቡ ዘንድ ደወልኩ። ልቆጣ ይሁን ላመሰግን አልወሰንኩም ነበር።

«እንዴት ሆነ ልጄ፣ ወደዱት?»

«በጣም ወደዱት፣ አያ ጥጋቡ።»

«ሸጋ! ላጲሱን ልተወው ብዬ ነበር። ኋላ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም ብዬ ጨመርኩበት።»

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፦ ያ ላጲስ የተሠራው ለእሳቸው ነው ወይስ ለእኔ?