ጋሼ ቨርዥን የተሳሳቱ ዕለት

ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ሁሉ አንድ ጋሼ ቨርዥን አለው። የሌለው ካለ ገና አልቀጠረም ማለት ነው። የኛው ክቡርነታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የዓለምን ችግር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመረምራሉ፤ «ቨርዥኑ ስንት ነው?» ስንተኛው ዕትም ነው ለማለት።

ስልኬ ጠፋ ብትላቸው «ቨርዥኑ ስንት ነበር?» ይላሉ። ጸሐፊያችን ልታገባ መሆኗን ስትነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁ ከእናትሽ ጋር አብሮ ተሞክሯል?» አሏት። ሠርጉ ላይ ግን ከሁላችንም ቀድመው ተገኙ።

ሕጋቸው አንድ ነው። ፕሮግራሞቻችን የሚጻፉት ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ፓይተን በሚያዘግምበት ቦታ ፈጣን በሆነው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ቅጥያ እንጨምርበታለን። ቅጥያውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ደግሞ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ፓይተንም ራሱ የተሠራው በኮምፓይለር ነው። «ፓይተኑ ራሱ በተሠራበት ኮምፓይለር ካልሠራችሁት፣ ስትሠሩት ዝም ይላችኋል፣ ስትከፍቱት ጉድ ያፈላባችኋል!» ይላሉ ጋሼ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለውም ይመርቁበታል። አንድ አሮጌ ኮምፓይለር ይዘው፣ አዲስ እንጫን ያለውን ሁሉ እንደ ቤት አፍራሽ ያዩታል። አንድ ቀን እንዲሳሳቱ ያልተሳለ ባልደረባ የለም።

ስለቱ ሰመረ። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የደም ምርመራ ውጤት የሚያወጣበት ፕሮግራም ይታደስ ተባለና ፓይተኑ በአዲስ ተተካ። ቅጥያውን ጋሼ በገዛ እጃቸው፣ በዚያው በአሮጌው ኮምፓይለር ሠሩት። ያን ዕለት ጥያቄያቸውን ለራሳቸው ማቅረብ ረሱ። ቅጥያው ያለ አንድ ስህተት ተሠራ። ጠዋት ሲከፈት ግን ፕሮግራሙ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ደወለች።

«ኧረ በናታችሁ! ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ ቀዶ ሕክምና ክፍሉም ውጤት ሳያይ አልጀምርም ብሎ ቆሟል!»

ጋሼ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አሰሱት። ነገሩ ለሁላችንም ገብቶናል፤ ጋሼን ግን «ቨርዥኑ ስንት ነው?» ብሎ ማን ይጠይቅ! እኔ ለዚህች ቀን ያጠራቀምኩት ሹፈት ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደረቀ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣

«ጋሼ፣ አዲሱ ፓይተን የተሠራው በአዲሱ ኮምፓይለር ነው እኮ» አልኳቸው።

ጆሯቸው ቀላ። አንጀቴን በሉት። ከወንበራቸው ተነሥተው «በል አንተ ሥራው፤ የኔ እጅ ዛሬ አይታመንም» አሉኝ። አዲሱን ኮምፓይለር ጭኜ ቅጥያውን ሠራሁት፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ኃላፊዋ «ተባረኩ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከሰዓት አለቃችን መጣና «የማን ጥፋት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አቀርቅረዋል። እንዲያ አንሰው ማየት አልቻልኩም፤ ለካስ እወዳቸዋለሁ።

«የማሽኑ ነው» አልኩ።

ጋሼ ብድግ አሉ።

«ማሽን አይሳሳትም! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ! ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው እንዲህ የሚለው?» ብለው አፈጠጡብኝ።

በሕይወቴ ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።