ጠበቃ ያጣው ንጉሥ

የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ እኔ የልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ ልብሴን ደጋግሜ አስተካክላለሁ። ምን ሊሉኝ ይሆን? ያን ቀን ደግሞ አባቴን ይዤ ነበር።

አባዬ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ፣ ቤት ተዘግተው ከሚውሉ ብዬ፣ ሚልፒታስ ካለው ሥራዬ ኦፍ ወስጄ ወደ ልጄ ወደ ሶስና ክፍል ወሰድኳቸው። ተማሪዎቹ የድሮውን የፈረንሳይ ንጉሥ በድራማ ሊከሱ ነው። ንጉሡ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሶስና። የወረቀት ዘውድ ደፍታለች።

አስተማሪዋ ታስረዳለች፣ እኔ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ንጉሡ የሾመኝ እግዜር ነው ይላል፤ ሕግም እሱ፣ ዳኛም እሱ። ኋላ የሚጽፉ ሰዎች ተነሡና ሥልጣን የሕዝብ ነው፣ ሕግ አውጪና ዳኛ ይለያዩ፣ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አሉ። መጽሐፋቸው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ዙፋኑን አናጋው።

ክሱ ተጀመረ። ሕዝብ ሲራብ አንተ ትደግሳለህ ተባለ። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይሙት፣ ድምፅ ይሰጥ አሉ። ያኔ አባዬ ክንዴን ያዙኝ። በአገራችን አብዮት ጊዜ ታላቅ ወንድማቸውን ከቤት ወስደውባቸው፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በዚያው ቀርቷል። ምን ነክቶኝ አመጣኋቸው?

"ጠበቃው የታለ?" አሉኝ።

"የሱን ቦታ የያዘው ልጅ አሞት ቀርቷል። ድራማ እኮ ነው አባዬ።"

አባዬ ተነሡ።

"ንገሪልኝ" አሉ። "ያ ያስተማረቻቸው ሕግ ሁሉ ለንጉሡ ካልሠራ ለማንም አይሠራም። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም።"

ለክፍሉ ተረጎምኩ። አስተማሪዋ ትቆጣለች ስል፣ ወንበር ስባ ከንጉሡ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። አባዬ ስለ ንጉሡ ደግነት አንድ ቃል አልተነፈሱም። የማያውቁትን ሰው ምን ብለው? ከሳሾቹን ብቻ ጠየቁ፤ በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ድምፅ ሲሰጥ ንጉሡ ከሞት ተርፎ ስደት ተፈረደበት። እኔም ተነፈስኩ።

መኪና ውስጥ ሶስና አኩርፋለች። ምነው ብላት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ለካ ንጉሡ ሊገደል ሲል የምትናገረውን ሳምንት ሙሉ ስታጠና ከርማ፣ አያቷ አስቀሩባት።

"እስቲ አሁን ትበለው" አሉ አባዬ።

አለችው፤ ተረጎምኩላቸው። ሕዝቡ ቢራብ ንጉሡን ምን አገባው? መሬቱም የሱ፣ ሰዉም የሱ። እንደገና ቢነግሥም ያንኑ ነው የሚያደርገው።

አባዬ ወደ ሶስና ዞሩ።

"ጥፋተኛ ነው" አሉ። "ደግነቱ ጠበቃው ይሄን የሰማው ከፍርዱ በኋላ ነው።"