በሬዲዮ የሚያክመው ሰውዬ

በሬዲዮ የሚያክም ሰው ገጥሟችኋል? እኔ አውቀዋለሁ። ማንንም ሳይዳስስ «ደረታችሁን ከወጋችሁ ጨጓራ ነው፤ ዝንጅብል ጠጥታችሁ ተኙ፤ ድንገተኛ ክፍሉን አታጨናንቁ» ይላል። ባለቤቴ እንደታዘዘው ጠጥቶ ተኛ፤ አልነቃም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አያ ደሴ ደረታቸውን ይዘው ዝንጅብል ሲወቅጡ ደረስኩ።

«ምነው አያ?»

«ጨጓራ ነው አለ ሰውየው።»

ያለ ሬዲዮናቸው አልነሳም ስላሉ ሬዲዮኑንም ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሰውየውም በሬዲዮኑ ድንገተኛ ክፍል ድረስ ገብቶ ምክሩን ቀጠለ።

«አያ፣ ይህን ሰውዬ ይዝጉልኝ» አለች ነርሷ፣ የልብ መመርመሪያውን እየለጠፈች። «የእሱን በሽተኞች ሁልጊዜ ከመሸ ነው የምንቀበለው።»

«የተማረ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው መጥቶ ተረኛ ይሁና።»

ሕመማቸው የልብ ነበር፤ ደርሰንላቸዋል። ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ሲጀምር እኔ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ደረቱን የያዘ ሰው ካገኘሁ፣ ቢቆጣኝም አስነስቼ እወስደዋለሁ።