የተረቱ ጅብ ባለቤት

ሰሞኑን ልብ ወለድ የሚጽፍ አንድ ወዳጄ ጭንቅ ብሎት መጣ። የተረቱን ጅብ መጽሐፉ ውስጥ ሊያስገባው ፈልጎ ኖሯል፤ ግን «ማንን ላስፈቅድ?» ይላል። እናንተ ብትሆኑ ትስቁበት ነበር። በልጅነታችሁ የሰማችሁትን ጅብ እንደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ታወሩታላችሁ፣ ጎረቤታችሁም እንደ ራሱ አድርጎ ያወራዋል፣ ጅቡም ከሁለታችሁም ቤት በልቶ ያድራል፤ ማን ማንን አስፈቅዶ ያውቃል? እኔ ግን አልሳቅሁም። ይኸው ጅብ ባለቤት ሲፈለግለት በዓይኔ አይቻለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር፣ አንዲት ግራር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ጋሽ ኢብሬ የሚባሉ የቀወት ገበሬ ደግሞ በገበያ ቀን እዚያው ተረት ያወራሉ። የታወቁበት ተረት አንድ ነው፤ የተጣሉ ሁለት አህዮችን ላስታርቅ ብሎ ሽማግሌ ሆኖ ስለተቀመጠ ጅብ። ሁለቱንም ወገን በጥሞና ይሰማል፣ ይመክራል፣ ይመርቃል፣ ከዚያ ሁለቱንም ይበላል። ሰዉ ተረቱን በቃሉ እያወቀው እንኳ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አዲስ የመጣው ጣሊያን ሹም ባገሩ የውርስ መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው ይባል ነበር። ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ግመል ሲያይ «የማን ነው?»፣ ጉድጓድ ሲያይ «የማን ነው?» አንድ ቀን የገበያውን ሳቅ ሰምቶ ተረቱን አስተረጎመና ያንኑ ጠየቀ። ጅቡ የማን ነው?

ጋሽ ኢብሬ «ካባቴ ነው የሰማሁት» አሉ። አባትየው ይምጡና ፈቃድ መስጠታቸውን ይመስክሩ ተባለ። «አላህ ይዘንላቸው፣ ሞተዋል።» እሳቸውስ ከማን ሰሙት? ካባታቸው። እሳቸውም ሞተዋል። ሹሙ ምስክር አስጠራ። የጀውሃ ሰዎች ጅቡ የጀውሃ ነው ብለው ማሉ፤ ከካራቆሬ የመጡት ደግሞ አህዮቹን ሳይቀር በመልክ እናውቃቸዋለን አሉ። በመጨረሻ ሹሙ ፈረደ፦ ባለቤት የሌለው ንብረት የመንግሥት ነውና ጅቡ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ ጋሽ ኢብሬም በመንግሥት ጅብ ያለ ፈቃድ ሲገለገሉ ስለተገኙ ይታሰሩ። ታሰሩ።

እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ግን ማሽላው የደረሰበት ሰሞን ነው። ግሪሳ ወፍ ከማሳ ማሳ ይዞራል፤ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ የሚያባርር ሰው የሌለው ማሳ በሳምንት ውስጥ አገዳ ብቻ ይቀረዋል። ጋሽ ኢብሬ ልጅ የላቸውም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ለብቻቸው ወፍ ሲጠብቁ ሰንብተው፣ ከጩኸት ብዛት ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ማሳውን ለጎረቤት አደራ ብለው እኔ ዘንድ መጡ። በመሳቄ አፈርኩ።

«የምሕረት ማመልከቻ ልጻፍልዎ?» አልኳቸው።

«የምን ምሕረት?» አሉ በሻከረ ድምፅ። «ጅቡ የመንግሥት ነው አላሉም?»

«ብለዋል።»

«እንግዲያው የበላቸውን ሁለት አህዮች መንግሥት ይተካልኝ! ከብት ሰብል ቢበላ፣ ውሻ ሰው ቢነክስ፣ ባለቤቱ አይደል እንዴ የሚጠየቀው? ወላሂ አልተውም፤ ጻፍ!»

ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያች በደስታ የጻፍኳት ማመልከቻ የለችም። በማግስቱ ግራሯ ሥር ሰልፍ ሆነ። እናቱ በነገረችው ተረት ፍየሉ የተበላችበት መጣ፤ የአያቱን በግ የሚጠይቅ መጣ። አንዷ ስለ ዶሮዋ ብትመጣ «እሱን የበላው እኮ ቀበሮ ነው» አልኳት። «ቀበሮውስ የማን ሆነና?» አለችኝ። እሷንም ጻፍኩላት።

ሹሙ የማመልከቻውን ክምር አይቶ ጮኸ። አስተርጓሚውም ጩኸቱን ሳይቀር ተረጎመው። «እነዚህ አህዮች እኮ በተረት እንጂ በእውነት የሉም!»

እትዬ ዘሃራ ረጋ ብለው «ጅቡስ፣ ጌታዬ?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወጣ፦ «መንግሥት በዚህ አገር ምንም ዓይነት ጅብ የለውም። በተረት የሚነገረው ጅብ መንግሥትን ከቶ አይመለከትም።» መንግሥት ጅብ ከሌለው የተወሰደበትም ጅብ የለምና ጋሽ ኢብሬ ተፈቱ። ቤት እንኳ ሳይገቡ ማማቸው ላይ ወጡ። ከማሽላው ግማሹ ተርፎ ጠበቃቸው፤ አልሐምዱሊላህ አሉ።

አዝመራው ከገባ በኋላ ወደ ገበያው ተመለሱ። እስር ያየ ሰው ይፈራል፤ ተረቱን ከመጀመራቸው በፊት ወረቀቱን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። አነበብኩ፤ ጅቡ መንግሥትን ከቶ አይመለከትም። ጋሽ ኢብሬ ቀጠሉ፤ ሁለት አህዮች ተጣሉ፣ ጅቡም ላስታርቃችሁ ብሎ መጣ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ሹሙ ቢሮ ዞሮ አየ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ገበያው በሙሉ ዞረ፤ ሳቁም እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም።

እመኑኝ፣ ያ ወረቀት እስኪነበብ ድረስ ጅቡ ጅብ ብቻ ነበር።