አንጋጣጩ አባቷ

በየቤቱ አንድ አንጋጣጭ አይጠፋም። ሰው ሁሉ እግሩ ሥር እያየ ሲጣደፍ፣ እሱ መሃል መንገድ ላይ ተገትሮ ሕንፃ ያያል። የአንዲት ነርስ አባት ግን የአንጋጣጮች ሁሉ አለቃ ናቸው።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ልጃቸው ወደምትኖርበት ትልቅ ከተማ የመጡት አንገታቸውን ለመታከም ነው። ሕመሙም ሽቅብ ከማየት የመጣ ነው እያለች ለባልደረቦቿ ታማቸዋለች።

ገና ከአውቶቡስ እንደወረዱ ጀመራቸው። «ቀና በይማ፣ የኔ ልጅ። ያንን ሰገነት ተመልከቺ፣ ደረቱን ነፍቶ የቆመውን።»

«አባዬ፣ ሰው እየገፋን ነው።»

«ይግፋን።»

አንድ ባንክ በር ላይ ጥበቃው «ማንን ፈልገው ነው?» ቢላቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጣሪያውን» አሉት። ጥበቃው ግራ ገብቶት አሳለፋቸው። ከጣሪያው ክብ መስታወት የሚወርደው ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ልጅቱ በሀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች።

«እናትሽ ይህን ሳታይ አለፈች» አሏት ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ ቶሎ እንውጣ አላለችም።

ሐኪሙ ግን ፈረደባቸው። አንገታቸውን በጠንካራ መደገፊያ አስሮ «ከእንግዲህ ሽቅብ ማየት የለም» አለ። ክቡርነታቸው እንደ ሐውልት ፊት ለፊት ብቻ እያዩ ወጡ። በማግስቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲያዘግሙ፣ ከከተማው ረጅሙ ሕንፃ ሥር ደረሱ። አባት ቆሙ። የሚታያቸው በሩ ብቻ ነው።

«እስቲ አንቺ እዪልኝ።»

ነርሷ በየቀኑ በዚህ በኩል ለሥራ ስትሮጥ ራሷን ቀና አድርጋ አታውቅም። አሁን አንጋጠጠች።

«መስኮቶቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፣ አባዬ። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይታጠፋል። ፀሐይዋ አንዱ ጎን ላይ ብቻ ቀርታለች።»

«ከዚያስ በላይ?»

«በረንዳ አለ። ተክል ተንጠልጥሎበታል።»

«ከዚያስ?»

ሕንፃው አልቆ ሰማዩ ጀምሯል። አለቀ ብትላቸው መሄዳቸው ነው። ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና፣

«ገና ነው፣ አባዬ» አለቻቸው፣ «ሌላ ፎቅ አለ።»