ሐጂ ኑሩና የአባቴ ጎራዴ

የዕቃችሁን አገር ሳይነግራችሁ ማለፍ የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በስደት ገዳሪፍ ሳለን ሐጂ ኑሩ የሚባል እንዲህ ያለ ጎረቤት ነበረን። ጫማችሁን ገና ከሩቅ አይቶ «የሶርያ ነው!» ይላል። ማን ጠየቀው?

አባቴ የሞተው ሳላውቀው ነው። ከጎንደር ተሸክሜ የመጣሁት ጎራዴውን ብቻ ነበር። እጀታው ይጠበኛል፤ ስለዚህ አባቴ ትንሽና ለስላሳ እጅ የነበረው ጨዋ ሰው ነው ብዬ አመንሁ። በሰሊጥ አጨዳ የሻከረውን መዳፌን ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር።

አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ጎራዴውን ስወለውል ሐጂ ኑሩ መጣ። ተቀብሎኝ አገላበጠው፤ በእጀታው ጫፍ ያለውን ክብ ብረት በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይኼ የሕንድ ነው! ተልዋር ይሉታል።»

«የአባቴ ነው እኮ!»

«አባትህ ይያዘው እንጂ የሠራው ሕንድ ነው። እጀታው ለማንም ይጠባል፤ አሠራሩ ነው።»

«ለአባቴም?»

«ለአባትህማ! ይህን አካፋ የሚያክል እጅ ከማን ወረስኸው?»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ለፍላፊ ብዬ ሰድቤ አባረርሁት።

ሐጂ ኑሩ ዛሬ የለም። መዳፌን ባየሁ ቁጥር ግን ይናፍቀኛል፤ ሳልጠይቀው የመዳፌንም አገር ነግሮኝ ሄዷል።